በ1935 (እ.ኤ.አ.) የስዊዝ ቦይ ተዘግቶ ቢሆን ኖሮ፦ የእንግሊዝ ብረት ለበሶቼን ምን ቀለም ልቀባቸው?

ቀጭን ብሩሽ (በርሚንግሃም)፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ትንሽ ይረዝማል።

እዚህ ቅዳሜ ማታ የምንገናኝ የጠረጴዛ ጦርነት ተጫዋቾች አለን፤ በትናንሽ ሞዴል ወታደሮችና ታንኮች ነው የምንጫወተው። ከእኔ በቀር ሁሉም እንግሊዞች ናቸው። እስካሁን ስንጫወት የኖርነው ሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ነበር። ዘንድሮ ያልተፈጸመ ታሪክ እንሞክር ተባለ። ሐሳብ አምጡ ሲሉ እኔ 1928 ዓ.ም.ን አመጣሁ። ደስ ብሏቸው ተቀበሉኝ።

መነሻው ይሄ ነው። ጣሊያን መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. መረብን ተሻገረች። (ከዚህ በታች ዓመቱን በፈረንጆቹ ልጻፍ፤ ሞዴሎቹ የሚጠሩት በዚያ ነው።) እንግሊዝ ያኔ የጦር መርከቦቿን ወደ ሜዲትራኒያን አስጠግታ ነበር። የስዊዝን ቦይ ግን አልዘጋችም። የሙሶሊኒ ወታደርና ጥይት የመተላለፊያውን እየከፈለ አለፈ። የመንግሥታቱ ማኅበር ማዕቀብም ነዳጅን ሳይነካ ቀረ። በእኛ ጠረጴዛ ላይ ግን ቦዩ በጥቅምት ይዘጋል። ጣሊያን ከሊቢያ ተነስታ ወደ ግብፅ ትገፋለች፤ እንግሊዝ መርሳ ማትሩህ ላይ ትጠብቃታለች። የእንግሊዝን ጦር የማሰልፈው እኔ ነኝ።

ይህ ጨዋታ ለእኔ ከሌሎቹ ይለያል። ስለዚያ ዓመት ቤታችን ሲወራ ነው ያደግሁት። «ቦዩን ዘግታው ቢሆን ኖሮ» የሚለውን ከአዋቂዎች አፍ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ። ጠረጴዛ ላይም ቢሆን መልሱን ማየት እፈልጋለሁ። ስለዚህ ሞዴሎቹ የዚያን ዓመት መምሰል አለባቸው።

ያሉኝ በ28 ሚሊሜትር ልክ የተሠሩ ናቸው (አንድ ሰው 28 ሚሊሜትር ያህል የሚቆምበት ልክ ነው)። ሁለት የ1924 ሞዴል ሮልስ ሮይስ ብረት ለበስ መኪኖች፣ አንድ ቪከርስ ሚዲየም ማርክ 2 ታንክ፣ ሁለት ቀላል ታንክ ማርክ 3 እና አንድ ካርደን ሎይድ ማርክ 6 የምትባል ትንሽ ታንክ። ቪከርሱ በስሪዲ ፕሪንተር የወጣ ነው፤ ሌሎቹ ሬዚን ናቸው።

የተቸገርኩት ቀለሙ ላይ ነው። የዘመኑ ፎቶ ሁሉ ጥቁርና ነጭ ነው። አንዱ ጥቁር አረንጓዴ ነው ይለኛል፣ ሌላው የአሸዋ ቀለም። ሌላው ደግሞ በሦስት ቀለም ሰያፍ እየተቆራረጠ የተቀባ ሥዕል ያሳየኛል። የቱን ልያዝ? አረንጓዴውስ በዚህች በምታክል ታንክ ላይ ሲቀባ ጥቁር ብቻ የሚመስለው ለምንድን ነው? የቪከርሱ ጎን ሙሉ ሪቬት (ብረቱን ያያያዙት ጉብታዎች) ነው፤ ያን ሁሉ እንዴት ላውጣው?

አንድ ነገር ልጨምር። በኋላ ላይ ከሱዳን ተነስቶ በመተማ የሚገባ ሁለተኛ ጦር አስቤያለሁ። ቪከርሱን እዚያም ልጠቀምበት እችላለሁ?

ሲልቨር ስፕሪንግ 28 (ሜሪላንድ)፦

በጣም የሚያምር መነሻ ነው። እኔ አሁን ወደ ሥራ እየወጣሁ ስለሆነ አንዱን ብቻ ልመልስ።

ሰያፉን የሦስት ቀለም ነገር እርሳው። እሱ የመጣው በ1940 ነው፤ አንተ ገና 1935 ላይ ነህ። ሮልስ ሮይሶቹንም ደህና አድርገህ እያቸው። ገበያ ላይ ያሉት ብዙዎቹ የ1940ዎቹን የበረሃ መኪኖች ነው የሚመስሉት። ቱሬታቸው (መሣሪያው ያለበት የሚዞረው ማማ) ከላይ ክፍት ነው፤ ብሬን መትረየስና ቦይስ የሚባለው ረጅም ፀረ ታንክ ጠመንጃ ተደግኖበታል። ሁለቱም መሣሪያዎች በ1935 ጦሩ እጅ ገና አልገቡም ነበር። የአንተ ቱሬት ዝግ መሆን አለበት፤ ላዩ ላይ የአዛዡ መመልከቻ ያለው፣ ከፊቱ አንድ ቪከርስ መትረየስ ብቻ የወጣለት።

የጀሪካን ነገርም አለ። ያ ጀርመን የሠራው ጀሪካን ገና አልመጣም። እንግሊዞቹ ቤንዚን የሚይዙት በስስ ቆርቆሮ፣ አራት ማዕዘን በሆነ ጣሳ ነበር፤ ቶሎ የሚቀደድና የሚያፈስ። ከሞዴልህ ኋላ ጀሪካን ተጭኖ ከሆነ ቆርጠህ አውጣውና ጣሳ ሥራለት።

ላሜራ ቤት (ስቶክሆልም)፦

ወንድሜ፣ ከቀለሙ አትጀምር። ከቀኑ ጀምር።

አዲስ አበባ ሳለሁ እንጀራዬ የመኪና ቀለም ነበር። ከአገር ከወጣሁ በኋላ እጄ ሥራ ሲያጣ ወደ ትናንሾቹ መኪኖች ዞርኩ። አንድ ያወቅሁት ነገር ቢኖር ቀለም ታሪክ አለው። ማን ቀባው? መቼ? ጊዜ ነበረው ወይስ ተቻኩሎ? ይህን ካላወቅህ የምትቀባው ነገር ቀለም ብቻ ሆኖ ይቀራል።

የአንተ ታሪክ ከእውነተኛው የሚለየው በጥቅምት 1935 ነው። ስለዚህ ከዚያ በፊት የሆነው ሁሉ እውነተኛ ነው፣ የሰላም ጊዜም ነው። እነዚህ መኪኖች የተቀቡት በሰላም ነው። ወታደሩ ጊዜ ነበረው፣ አለቃው ቆሞ ያየዋል፣ ሰልፍም አለ። የሰላም ጊዜ የእንግሊዝ ጦር ደግሞ መኪናውን ይወለውላል። ስለ ጥቁሩ አረንጓዴ የሰማኸው ትክክል ነው። ዲፕ ብሮንዝ ግሪን ይባላል፤ በእንግሊዞች የቀለም መለያ ቁጥሩ 24 ነው። ብዙ ሰው የሚረሳው ይህ ቀለም አብረቅራቂ መሆኑን ነው። በ1927 ሳልዝበሪ ሜዳ ላይ ያን የሙከራ ሜካናይዝድ ጦር ሲያሠለጥኑ የተነሱትን ፎቶዎች እይ። የቪከርሶቹ ጎን ላይ ሰማዩ ያበራል። እኛ ሞዴል መቀባት የተማርነው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ታንኮች ነው። እነሱ ደብዛዛ ናቸው፣ ጭቃ ናቸው፣ የተላላጡ ናቸው። ያንን ልማድ ወደ 1935 ስንወስደው የዚያን ጦር መልክ እናጠፋዋለን። እኔን በጣም የሚቆጨኝ ይሄ ነው። ያማረ ሞዴል ገዝቶ፣ ብዙ ሰዓት ለፍቶበት፣ በመጨረሻ ኖርማንዲ የደረሰ አስመስሎት ቁጭ።

ግብፅ የቆየው ጦር ግን ሌላ ነው። 11ኛው ሁሳርስ የሚባለው የብረት ለበስ መኪና ሬጅመንት ግብፅ ሲደርስ የ12ኛው ላንሰርስ ሬጅመንትን ሮልስ ሮይሶች ነው የተረከበው። ሁሳርሶቹ ይዘዋቸው የነበሩት ባለ ስድስት ጎማ ላንቸስተሮች እንግሊዝ ቀሩ። ስለዚህ ሮልስ ሮይሶችህ የበረሃ ነዋሪ ናቸው። እነሱን ቀለል ባለ የአሸዋ ቀለም ቅባቸው። ዕድሜ ጠገብ መሆናቸውም ይታይ። ሻንሲያቸው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተጀመረው የሲልቨር ጎስት ነው፤ በ1940 እንኳ ገና ሥራ ላይ ነበሩ።

እንግዲህ ጨዋታው እዚህ ላይ ነው። በእውነተኛው ቀውስም ከእንግሊዝ ወደ ግብፅ ተጨማሪ ጦር ተልኳል። በአንተ ታሪክ ቦዩ ሲዘጋ ደግሞ የባሰ ይቻኮላሉ። ቪከርሱ ትናንት ከመርከብ ወርዷል በል። አረንጓዴ ነው፣ ያበራል፤ አንድ ሰው የአሸዋ ቀለም በባልዲ ይዞ በትልቅ ብሩሽ ከላይ ከላይ ሞጅሮበታል። ከሥር አረንጓዴው ይታያል። ከሮልስ ሮይሶቹ ጎን ስታሰልፈው፣ ማንም ሳያብራራለት ተመልካቹ ይገባዋል። ይህ ጦር ለዚህ ጦርነት አልተዘጋጀም ነበር፤ ግን መጣ።

ወደ አሠራሩ ልግባ። አረንጓዴው ጥቁር የሚመስልህ ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛ ፕራይመርህ (ከሁሉ በፊት የሚቀባው መሠረት) ጥቁር ነው መሰለኝ። ግራጫ አድርገው። ሁለተኛ፣ ትንሽ ዕቃ ላይ ጥቁር ቀለም ሁልጊዜ ከትልቁ ይልቅ ይጠቁራል። ስለዚህ ማፍካት አለብህ። ግን በነጭ አይደለም፤ ነጭ አረንጓዴውን የሕክምና ቤት ግድግዳ ያስመስለዋል። የአሸዋ ቀለም ወይም ቢጫ ጠብ አድርግበት። ቫሌሆ ከሚባለው የሞዴል ቀለም ብሮንዝ ግሪን ቁጥር 897 ጥሩ መነሻ ነው። ለማፍካት የዚያው ፋብሪካ ኢራቂ ሳንድ ቁጥር 819 ይበቃል። ወደ ላይ የሚያዩትን ገጾች፣ የቱሬቱን ጣሪያ፣ ኮፈኑን፣ ፓራፋንጎውን ትንሽ አፍካቸው። ጎኖቹን እንዳሉ ተዋቸው።

ሪቬቱን በተመለከተ፣ አንድ በአንድ እንዳትነካቸው። ዓይንህን ነው የምትጎዳው። ቀለሙ ሲደርቅ መላውን ዕቃ አብረቅራቂ ቫርኒሽ ቀባው፤ ደህና አድርጎ ይድረቅ። ከዚያ የዘይት ቀለም፣ ጥቁርና ቡናማ ቀላቅለህ፣ ለሞዴል በሚሸጠው ሽታ አልባ ማቅጠኛ ውሃ እስኪመስል አቅጥነው። በቀጭን ብሩሽ ጫፍ ሪቬቱ ሥር ንካው። ቫርኒሹ ለስላሳ ስለሆነ ቀለሙ ራሱ እየሮጠ ሪቬቱን ይከበዋል። የተረፈውን በጥጥ ከላይ ወደ ታች ጥረግ። ቪከርስ ሚዲየም ለዚህ የተፈጠረ ነው። ጎኑ ላይ የሚወጡት መትረየሶች ዙሪያ፣ በቀኝ በኩል ጉብ ያለችው የሾፌሩ ቆብ ዙሪያ ስትጨርስ ዕቃው ነፍስ ይዘራል። ሞተሩ ከፊት በሾፌሩ ግራ በኩል ስለሆነ ያንን ጥግ ትንሽ ዘይት ዘይት ብታሸተው አይከፋም።

ልጣጭ ስትሠራ ብረት አታሳይ። ይህን አደራ እልሃለሁ። አሸዋው ሲላጥ የሚታየው ከሥሩ ያለው አረንጓዴ ነው። ብዙ ጊዜ የተቀባ መኪና በእጄ አልፏል፤ ብረቱ ጋ ለመድረስ ብዙ ንብርብር አለ። ዝገት የሚፈቀደው ማርሚታው ላይ ነው። ሰንሰለቱ ደግሞ መሬት የሚነካው ገጽ ብቻ የተወለወለ ብረት ይምሰል።

ሰዎቹንም አትርሳ። የታንክ ኮሩ ሰዎች ከ1924 ጀምሮ ጥቁር ቤሬት ነው የሚያደርጉት። 11ኛው ሁሳርስ ግን ቡናማ ቤሬት አላቸው፣ ከታች ዙሪያውን ቀይ ጥለት ያለው። ያኔ በመላው የእንግሊዝ ጦር የእነሱ ብቻ ነበር። ከሮልስ ሮይሱ ቱሬት አንድ ሰው ብቅ በልና ይህን ቤሬት አድርግለት፤ የሚያውቅ ሰው ከጠረጴዛው ማዶ ሆኖ ይለየዋል። ታርጋቸው እንደዚያ ዘመን ሲቪል መኪና ጥቁር ላይ ነጭ ጽሑፍ ነው። ታንኮቹ ላይ ስም መጻፍም ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የመጣ ልማድ ነው፣ ስሙ በሻለቃው ፊደል ይጀምራል። ስድስተኛው ሻለቃ ካልክ በስድስተኛዋ የእንግሊዝኛ ፊደል በኤፍ የሚጀምር ስም ፈልግለት።

ቦቪንግተን የታንክ ሙዚየም ቪከርስ ሚዲየም አለ። ከአንተ አገር ሳትወጣ የምትደርስበት ነው፤ ሄደህ ዙረው። ከኋላ ያለውን በር፣ የጎኑን ሽፋን ፎቶ አንሳ። የሙዚየም ዕቃ ግን በየጊዜው ይታደሳልና ለቅርጹ እንጂ ለቀለሙ ምስክር አታድርገው።

ቀጭን ብሩሽ፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ ያልኩዎት ከአጻጻፍዎ ተነስቼ ነው፤ ተሳስቼ ከሆነ ይቅርታ።

ሁለት ቀለም ያለው ጦር ማሰለፍ እንደሚቻል ጨርሶ አልታሰበኝም ነበር። እኔ የማስበው አንዱን መምረጥ እንዳለብኝ ነበር። አንድ የቀረችኝ ጥያቄ የካርደን ሎይዷ ናት። ማን ጋ ላስገባት? ደግሞ መጨረሻ ላይ ሁሉንም አብረቅራቂ ልተወው ነው? ጠረጴዛ ላይ መብራት ሲያርፍበት ፕላስቲክ እንዳይመስል እፈራለሁ።

የእጅ ሥራ (አዲስ አበባ)፦

እኔም በዚሁ ልግባ። እዚህ ቫሌሆ የሚባል ነገር ማግኘት ከባድ ነው፤ ሰው ከውጭ ሲመጣ ካላስያዝን በቀር። ሞዴሉንም ራሴ ነው የምሠራው፣ ከካርቶንና ከፕላስቲክ ቁርጥራጭ። ከጽሕፈት መሣሪያ ቤት የሚገኘው የሥዕል አክሪሊክ ይሆናል? ጎረቤታችን ያሉት የመኪና ቀለም ቤቶች የፈለግኩትን አረንጓዴ በዓይናቸው አይተው ይቀምሙልኛል፤ እሱስ?

ላሜራ ቤት፦

ጋሼ ማለትህ ልክ ነው፤ ዕድሜውም አለኝ።

መጀመሪያ ለአዲስ አበባው ልጄ። የመኪና ቀለሙን ፕላስቲክ ላይ እንዳትሞክረው። ናይትሮ ነው፤ ቲነሩ ፕላስቲክህን ያቀልጠዋል፣ ገጹን ያኮማትረዋል። የሥዕል አክሪሊክ በደንብ ይሆናል። ከቱቦው እንደወጣ ግን ወፍራም ነው፣ ሪቬትህን ይደፍነዋል። በውሃ አቅጥነህ በስሱ ደጋግመህ ቀባ። አረንጓዴ፣ ትንሽ ጥቁር፣ ትንሽ ቢጫ ኦከር፤ ብሮንዝ ግሪን ማለት ይኸው ነው። ካርቶኑን አስቀድመህ በተበጠበጠ ነጭ ኮላ ሁለት ጊዜ ቀባው። ሲደርቅ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አስተካክለው፤ ያለዚያ ጭረቱ ይታያል። ለሪቬት ደግሞ የኮላ ጠብታ በመርፌ ጫፍ ማስቀመጥ ትችላለህ። እዚያ ሆነህ ከካርቶን ታንክ መሥራትህ በጣም ነው ደስ ያለኝ። ስትጨርስ ፎቶ ለጥፍልን።

አሁን ወደ በርሚንግሃም። ሁሉንም አብረቅራቂ አትተወው። የጨረስከውን ቪከርስ ከፊል አብረቅራቂ ቫርኒሽ ቀባው። ከዚያ አቧራ የሚያርፍበትን ብቻ፣ የታችኛውን ሽፋን፣ ፓራፋንጎውን፣ ሰው የሚረግጠውን ጣሪያ፣ በደብዛዛ ቫርኒሽ ግደለው። ብርሃኑ የሚያርፈው ጎኑና ቱሬቱ ላይ ይሁን። ፕላስቲክ የሚመስለው ሁሉም እኩል ሲያበራ ነው። ብርሃኑ ሲለያይ ዓይን ይታለላል።

ካርደን ሎይዷን ከአረንጓዴዎቹ ጋ አስገባት። ስትቀባት ደግሞ አንድ ነገር አስብ። ጣሊያኖች ካርደን ሎይድ ማርክ 6ን ከእንግሊዝ ገዝተው ነው የራሳቸውን ሲቪ 29 የሠሩት፤ ከእሱ ደግሞ ሲቪ 33 መጣ። አገራችን የገባችው ያቺ ናት። ስለዚህ ጓደኛህ ከማዶ የሚያሰልፋቸው ትናንሽ ታንኮች የአንተዋ ዘመዶች ናቸው። ጎን ለጎን ስታስቀምጣቸው ቁመታቸውንና አቀማመጣቸውን አስተያይ፤ የሚለያቸው ቀለምና ምልክት መሆን አለበት። የአንተዋን ከላይ ክፍት መሆኗን ተጠቀምበት። ውስጧን ደህና አድርገህ ሥራ፣ ሁለቱ ሰዎች ይታዩ።

አርማጭሆ (ጎንደር)፦

የመተማውን ጥያቄ ማንም ስላልነካው እኔ ልናገር። ያንን መንገድ በእግሬም በመኪናም አውቀዋለሁ።

ቪከርስ ሚዲየምን በመተማ አታስገባ። ክብደቱ 12 ቶን ያልፋል። ከገዳሪፍ እስከ ገላባት ያለው መሬት መረሬ ነው። ክረምቱ እንደወጣ መሬቱ ገና አልጠነከረም፤ በጥቅምት ላይ ላዩ ይደርቃል፣ ከሥር ግን ይይዝሃል። ከመተማ ወደ ጭልጋ ሲወጣ ደግሞ ሌላ መከራ ነው፣ ዳገት በዳገት። ታሪኩ ያልተፈጸመ ቢሆንም መሬቱ ያው መሬት ነው። ካርደን ሎይድ አንድ ቶን ተኩል አካባቢ ናት፣ በጭነት መኪና ላይ ተጭና ትመጣለች። እሷንና የሱዳን መከላከያ ጦርን ውሰድ። ያ ጦር ከ1925 ጀምሮ ነበር። የጭነት መኪና ላይ መትረየስ ብትተክልለት በጣም የሚያምር ሞዴል ይወጣዋል፣ ርካሽም ነው።

እዚያ ጠረጴዛ ላይ ትንሿን ታንክ ብቻዋን አትላካት። ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም. (በእኛ አቆጣጠር) ደምበጉና ላይ የራስ እምሩ ጦር የጣሊያንን ሲቪዎች እንዴት እንዳደረጋቸው ታስታውሳለህ። መትረየሳቸው ወደ ፊት ብቻ የሚያይ ነበር፤ ቱሬት የላቸውም። የእኛ ሰዎች ከጎንና ከኋላ ደረሱባቸው፣ ላያቸው ላይ ወጡ። የአንተዋም ያው ጉድለት አለባት። ለጨዋታ ሕጋችሁ ይህን ብታስገቡት ጥሩ ነው፦ እግረኛ ከኋላ ከደረሰ ታንኳ የምትተኩሰው የለም።

ስለ አቧራ ልጨርስ። ጋሼ ስለ አቧራ ሲያነሱ ሁለቱ ግንባር አንድ ዓይነት አቧራ እንዳይሆን ብዬ ነው። መርሳ ማትሩህ የባሕር ዳርቻ ነው፣ ድንጋዩ ኖራ ነው። አቧራው ቢጫ ሳይሆን ነጣ ያለ፣ ክሬም የሚመስል ነው። ለእሱ ነጭና የአሸዋ ቀለም ደባልቅ። የመተማው መረሬ ግን እርጥብ ሲሆን ጥቁር ነው። ሲደርቅ ግራጫ ይሆናል፣ ትንሽ ቡናማ ያዘለ። ስለዚህ መኪናው ሰንሰለትና ጎማ ሥር ጥቁር ጭቃ ለጥፍ፣ ጫፍ ጫፉን በግራጫ አድርቀው። ከፍ ብሎ ጎኑ ላይ ግራጫ ዱቄት ብቻ ንፋበት። መሠረቱን የምትሠራበትን ሜዳ ደግሞ ሰንጥቀው። ወፍራም ነጭ ኮላ ቀብተህ ሳይደርቅ አክሪሊክ ቀለም ብትደርብበት ራሱ ይሰነጠቃል። በላዩ የደረቀ ሣር አቁምበት፣ ረጅም ይሁን፣ እስከ መኪናው ፓራፋንጎ ድረስ የሚደርስ። በጥቅምት እዚያ ሣሩ ገና አልተቃጠለም።